አገር ስጠኝ

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ?»

በልጅነቱ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ይህን ያላለ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። የጨዋታውንም ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን። መልሱን ያወቀ ይመልሳል፤ ያላወቀ ግን አገር ይሰጣል። «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሐረርን ወይም ጅማን ይሰጣል፤ ጠያቂውም «ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ በተሰጠው አገር እንደ ልቡ ከበላና ከጠጣ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። ልጆች ሳለን ስንቱን አገር በነፃ አድለናል! እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ካደግሁ በኋላ፥ በዚህ በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ ስለ ሰጠኋት አንዲት አገር ነው። የሰጠሁት ሰው አልቀበልም ብሎ መለሰልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ በፊት ተመርቆ የወጣ አንድ ተማሪ ለጓደኞቹ የተወው፥ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ጠርዙ ያለቀ አንድ ወረቀት አለ። በወረቀቱ ላይ ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የተጻፉ ዐሥር እንቆቅልሾች አሉበት። አስጎብኚ የለም፤ መሪም የለም። እንቆቅልሹን የፈታ ሰው መልሱ ወደሚገኝበት ቦታ በእግሩ ይሄዳል፤ እዚያም ቆሞ የሚቀጥለውን ያነባል። በውጭ አገር ከተሞች እንዲህ ያለው ጨዋታ ለጎብኚ በገንዘብ ይሸጣል ይባላል፤ እኛ ግን ያወጣነው የጫማችንን ሶል ብቻ ነው። ከየካቲት 12 በፊት በነበረው ቅዳሜ ጧት ሦስት ሆነን ተነሣን። አንዱ ጎንደሬ ነው፥ ሕግ የሚማር፥ አያቱ አርበኛ የነበሩ። አንዷ የአራዳ ልጅ ናት፥ ታሪክ የምትማር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፥ የጂንካ ልጅ።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ሩቅ አላስኬደንም። «ደረጃ ነው፥ ሰገነት የለውም። ይወጡታል፥ የሚገቡበት የለም። አንዱ ዕድሜውን ቆጠረበት፤ አንበሳ ተቀመጠበት» ይላል። በየቀኑ አጠገቡ እያለፍን ለምንም ነገር ያልቆምንለት፥ በስድስት ኪሎ ግቢያችን በሙዚየሙ ደጅ የተገተረው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሮማ ገብቶ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን እያሉ ፋሽስቶች የሠሩት ነው። ወዴትም አያደርስም። ከነፃነት በኋላ ግን ከጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ ተደረገበት። ያን ቀን ሳየው ሳቄ መጣ። ጠላት የሠራውን ሳያፈርሱ፥ በላዩ ላይ ተቀምጦ ማሸነፍም አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ ግን ሳቁን አጠፋው። «ድኻ ሰብስቦ ምጽዋት ሊሰጥ ወጣ፤ ሦስት ቀን ሞት ሰጠ። የት ቆሞ?» ቦታው ያው እኛ የቆምንበት ነው። ግቢያችን በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከመሰጠቱ በፊት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚህ ደጅ ለድኾች ገንዘብ ሲያድል አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። እርሱ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ብዙ ዓመት መርምሮ ወደ 19,000 ገደማ ይገምተዋል። የአራዳዋ ልጅ ይህን ስታነብልን ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለምግብ ቤት ሰልፍ የምናልፈው በዚህ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከግቢው ወጥተን አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት አየን፤ ሁለት ዩጎዝላቦች የቀረጹትን የግድያውን ሥዕል ዙሪያውን ዞርነው። ከዚያም ወደ አራት ኪሎ ወረድን። የአራት ኪሎው እንቆቅልሽ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ነው፤ «አንዲት ከተማ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተገባች፤ በመካከሉ አምስት ዓመት አለ» ይላል። ጎንደሬው ከአፉ ነጠቀው፤ «ሚያዝያ 27!» አለ። በእርግጥም በ1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 27 ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከስደት ተመልሰው የገቡት በ1933 ዓ.ም. በዚያው በሚያዝያ 27 ቀን ነው። ሐውልቱ ሥር ቆሞ አያቱ በጫካ ያሳለፉትን ዘመን አወራልን። ሲያወራ ደረቱ ይነፋል። አልፈርድበትም፤ የሚነፋ ነገር አለውና።

እንግዲህ ጉዳዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አምስተኛው እንቆቅልሽ የእኔ ተራ ነበር። «ስሙን ያወጣው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት፤ ዛሬ የሰፈር ስም።» አሰብሁ፤ አወጣሁ፤ አወረድሁ። አዲስ አበባን የማውቃት ከመናኸሪያ እስከ መኝታ ቤቴ ነው። ፒያሳና መርካቶ የጣሊያንኛ ቃል መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ግን የሠራተኛ ቤት አይደሉም።

«አገር ስጠኝ!» አለ ጎንደሬው።

«ጂንካን ሰጠሁህ» አልሁት። የምሰጠው የራሴን ነው ብዬ ነው።

ሳቀ። ለክፋት አልነበረም፤ እንደ ጓደኛ ነው የሳቀው። «ጂንካ ገብቼ ምን አገኛለሁ? የምንጫወተው ስለ ጦርነቱ ነው። ጦርነቱ እዚያ ደርሶ ያውቃል? በል ሌላ አገር ስጠኝ።»

ሰጠሁት። ጎንደርን ሰጠሁት። «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ ደስ እያለው መልሱን ነገረኝ፤ ካዛንቺስ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ድርጅት ስም ምኅጻር የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው፤ «ኢንቺስ» ድርጅቱ ነው። የራሱን አገር ከእኔ እጅ ተቀብሎ ሄደ፤ የእኔ ግን በመንገድ ላይ ወድቃ ቀረች።

የቀረውን መንገድ በዝምታ ሄድሁ። አራዳ ላይ የምኒልክን ሐውልት አየን፤ ፋሽስቶቹ ነቅለው የቀበሩትን፥ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰውን። ከጀርባው በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ ቆሟል። በዚያው ዓመት ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፥ ከወረቀቱ ላይ አንዱ እንቆቅልሽ መልሱ ጠፍቶበታል፤ «በረንዳውን ቁጠር» ይላል፥ በረንዳው ግን የለም። የአራዳዋ ልጅ በቦታው ለጥቂት ጊዜ ቆማ ሰፊውን አዲስ መንገድ ተመለከተች። የመጨረሻው አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት አባት ሐውልታቸው ራሱ ለባቡር ሐዲድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ፥ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። «ሁለት ጊዜ የተነሡ አባት» ይላል ወረቀቱ። ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን ቆሎ በላን። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ በውስጤ ይመላለስ ነበር፤ ጦርነቱ እዚያ ደርሶ ያውቃል?

እውነቱን ልናገርና መልሱን አላውቀውም ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ስማር ስለ ማይጨው፥ ስለ ሸዋ አርበኞች፥ ስለ ጎንደር ጦርነት ተምሬ ተፈትኛለሁ። ስለ ተወለድሁበት አገር ግን አንድ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ በክረምቱ ዕረፍት አገሬ ስገባ ባዶ ደብተር ይዤ ገባሁ።

ከአዲስ አበባ ጂንካ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። አርባ ምንጭ አድረን በማግሥቱ ደረስን። እናቴ ቡና እያፈላች «ምን ፈልገህ ነው እንዲህ ደብተር የታቀፍኸው?» አለችኝ። ነገርኋት። «እንግዲያው እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እንሂድና እኒያን አባባን ጠይቃቸው» ብላ ወደ አንድ የአሪ ሽማግሌ ጎረቤታችን ወሰደችኝ። እኒህ ሰው ጣሊያን ሲገባ አልተወለዱም፤ አባታቸው ግን የነገሩአቸውን ቃል በቃል ያስታውሳሉ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ እርሳቸው ናቸው። «ልጄ፥ ስለ የትኛው ጦርነት ነው?» አሉኝ።

«ስለ ጣሊያን» አልሁ።

«እርሱ ሁለተኛው ነው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል እኔን እንደ መታኝ አንተንም ይምታህ እንደ ሆነ አላውቅም። ለእርሳቸው የመጀመሪያው ጦርነት በምኒልክ ዘመን ከሰሜን የመጣው ጦር ነው። በዚያን ጊዜ በደጋው ላይ ባኮ የጦር ከተማ ሆና ተመሠረተች፤ ለወታደሩም በደመወዝ ፈንታ ገባር ተደለደለለት። ገባሩ የአሪ ገበሬ ነው። እህሉን ይሰጣል፤ ማሩን ይሰጣል፤ እንጨት ይሸከማል፤ የጌታውን ማሳ ያርሳል። የሽማግሌው አያት ገባር ነበሩ። «ስንት ገባር ለስንት ነፍጥ» እየተባለ ሰው በቁጥር ይሰጥ ነበር ሲሉኝ፥ ያ የልጅነት ጨዋታ ትዝ አለኝ። ለካ በእውነትም አገር ተሰጥቶ ያውቃል፤ የተሰጠውም ሰው «ገብቼ ምን አጥቼ» ብሎ ያውቃል።

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ጣሊያን የገባርን ሥርዓት ሽሬአለሁ ብሎ ዐወጀ። «አባቴ ያን ቀን ደስ አለው» አሉኝ ሽማግሌው ሳያፍሩ። እኔ ግን አፈርሁ። በሐሳቤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ታየኝ፤ ያ በግቢያችን ያለው ደጅ ታየኝ። ብዕሬን አቁሜ ዝም ስል ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፥ እንዲህ አሉኝ፤ «ስማ ልጄ፥ የጎረቤቱን በሬ ከቀንበር የፈታ ሁሉ በሬውን የወደደ አይደለም። የራሱን ማሳ ሊያርስበትም ይሆናል። አባቴ ይህን ያወቀው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው።»

በማግሥቱ ከተማውን እንደ አዲስ ሰው ዞርሁት። በከተማው መካከል ያለውን የድሮውን የአውሮፕላን ሜዳ፥ ልጅ ሆነን ላም የምንጠብቅበትን፥ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን እያባረርን የምንሸሽበትን፥ በእርምጃ ለካሁት። ከኮረብታው ላይ ወዳለው ሙዚየም ወጣሁ። የሐመሮቹን፥ የሙርሲዎቹን፥ የዳሰነቾቹን ዕቃ ከዚህ በፊት የማየው ለፈረንጅ የተቀመጠ እየመሰለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ከመጻሕፍት ያነበብሁትን አንድ ነገር እያሰላሰልሁ ነው ያየሁት።

አውሮፓውያን የመልክዐ ምድር ሊቃውንት በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ ነበራቸው፤ የኦሞ ወንዝ የት ነው የሚገባው? አንዱ ወደ ዓባይ ነው ይላል፤ ሌላው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ነው ይላል። ቪቶሪዮ ቦጤጎ የተባለው ኢጣልያዊ መኰንን ይህን ሊፈታ በጦር መሣሪያ ታጅቦ መጣ። ወገኖቹ በዓድዋ ድል ሲሆኑ እርሱ በደቡብ ይዞር ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. መጨረሻ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ፥ ወንዙ አንድ የኦስትሪያ ልዑል ስም በተሰጠው በሩዶልፍ ሐይቅ፥ ዛሬ ቱርካና በሚባለው፥ እንደሚያልቅ አየ። ከጥቂት ወራት በኋላ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በወለጋ በኩል ሲያልፍ ተገደለ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ቡላቶቪች ከሚባል የሩሲያ መኰንን ጋር ወርዶ ከዚያው ሐይቅ ዳር የኢትዮጵያን ሰንደቅ ተከለ። ከዚያም በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር አንዱ ክንፍ በሐይቁ ምዕራብ በኩል ወደ ኦሞ አፍ መጣ። ጦርነቱ እዚያ ደርሶ ያውቃልን? ሦስት ጊዜ ደርሷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ወንዙ የት እንደሚገባ ለዳሰነች ሰው እንቆቅልሽ ሆኖበት አያውቅም፤ ውኃው ሲጎድል ማሽላ የሚዘራው እዚያው ነውና። እርሱን የጠየቀው ጠፋ እንጂ።

ወደ ግቢ ስመለስ የራሴን ወረቀት ይዤ ተመለስሁ። አምስት እንቆቅልሽ ብቻ ናት። በመስከረም አንድ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ያንኑ ጎንደሬ ከአልጋው አስነሥቼ አስቀመጥሁት፤ የአራዳዋን ልጅ ደግሞ በማግሥቱ በቡና ሰዓት እንዳደርሳት ቃል ገባሁላት።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ?»

«ላም ስትሄድ የብረት ወፍ ይመጣል፤ የብረት ወፍ ሲሄድ ላም ትመጣለች።» አላወቀም። «ሊቅ ያጣው፥ ዘሪ ያልጠየቀው።» አላወቀም። «ትልቂቱ በዳገት ቀረች፤ ትንሺቱ በሜዳ ነገሠች።» እርሱንም አላወቀም፤ ባኮና ጂንካ ናቸው፥ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከደጋው ወደ ሜዳው ወርዷልና። አራተኛው ላይ ግን ተጣላን። «የጎረቤቱን በሬ ከቀንበር ፈታ፤ በሬው ግን ከማረስ አላረፈም። ማን ነው?» አልሁት። መልሱን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጣሊያንን ልታመሰግንልኝ ነው?» አለኝ። «አያቴ ለዚህ ነው የቆሰለው?»

«አላመሰገንሁም» አልሁት። «እንቆቅልሹን ደግመህ ስማው። በሬውን የፈታውም በዳይ ነው። ነገር ግን ቀድሞ ቀንበሩን ማን ጫነበት ብዬ ብጠይቅህ ትቆጣለህን?»

እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እርሱ የአያቱን ቁስል ይዞ፥ እኔ የጎረቤቴን የአያት ሸክም ይዤ። እርሱ «ያኔ ሁሉም አገር እንዲያው ነበር፤ የእኔም ዘመድ ጭሰኛ ነበር» ይላል። እኔ «ጭሰኛና በቁጥር የሚሰጥ ገባር አንድ አይደለም» እላለሁ። እርሱ «ነፃነት ባይኖር ይህንንም አንጠይቅም ነበር» ይላል፤ ይህ እውነት ነው፥ አመንሁለት። እኔ ደግሞ «ነፃነት መጣ በተባለ በ1933 ዓ.ም. ጌታው ወደ ባኮ ሲመለስ ገባሩ ምን ተሰማው?» አልሁት፤ እርሱም ዝም አለ። የገባር ግዴታ በሕግ የቀረው በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ነው፤ መሬቱ ራሱ ለአራሹ የሆነው ደግሞ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከዚሁ ከግቢያችን «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የወጡት ተማሪዎች እንደ እኛው ምግብ ቤት ተሰልፈው የሚበሉ ልጆች ነበሩ። ምናልባት ከእነርሱም መካከል እንደ እኛ እስከ እኩለ ሌሊት የተጣሉ ነበሩ ይሆናል።

አልተስማማንም፤ ተስማማን ብዬ አልዋሻችሁም። አያቱ ጀግና ናቸው፤ የሽማግሌው አባት ደስታም እውነት ነው። ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያስር ሰዋስው ገና አልተማርሁም። ነገር ግን መብራቱን ከማጥፋታችን በፊት አምስተኛውን ሳላነብለት፥ «እንግዲህ አራቱን አልመለስህም፤ አገር ስጠኝ» አልሁት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ።

«አንተ ስትሰጠኝ አልቀበልም ያልሁህ አገር ነበረች አይደል?» አለኝ በጨለማው ውስጥ። «እርሷን መጀመሪያ ልቀበልህና፥ ከዚያ በኋላ የምሰጥህን አስባለሁ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አምስተኛው እንቆቅልሽ ወረቀቴ ላይ እስከ አሁን ባዶ ነው፤ ለእናንተ የተተወ ነው። ወለጋም ሆነ ኦጋዴን፥ መተማም ሆነ ቦረና፥ ለክረምት ስትገቡ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እመት ጠይቃችሁ አንድ እንቆቅልሽ ይዛችሁ ኑ። «ስለ የትኛው ጦርነት ነው?» ብለው መልሰው ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ከመጀመሪያው እንዲጀምሩላችሁ ለምኗቸው።